ፋብሪካዎቻችን ለምን የወደቡን መንገድ ሙጥኝ አሉ?

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። የኢትዮጵያን ካርታ አውጡና በየዘመኑ ትልልቅ ፋብሪካ የተተከለባቸውን ከተሞች ምልክት አድርጉ። አዲስ አበባ፣ አቃቂ፣ ዱከም፣ ሞጆ፣ አዳማ፣ ወንጂ፣ መተሐራ፣ ድሬዳዋ። ከምልክቶቹ አብዛኛው አንድ መስመር ላይ ወይም አጠገቡ ያርፋል። ያ መስመር ባቡሩ ነው።

ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ሐረር ያለችበት ተራራ ለሃዲድ አስቸጋሪና ውድ ስለነበር መስመሩ በቆላው በኩል አለፈ፤ ድሬዳዋም በዚያ ምክንያት ተቆረቆረች። አዲስ አበባ ለመግባት ደግሞ ሌላ 14 ዓመት ፈጀ፣ እስከ 1909። የኔ ክርክር እንግዲህ ይሄ ነው፦ እዚህ አገር ፋብሪካ የት እንደሚቆም ሲወሰን ከጥጡና ከቆዳው ይልቅ መለዋወጫው፣ ኬሚካሉና ነዳጁ የሚገባበት በር ነው የሚያመዝነው። ማሽኑ ከውጭ ነው። ማቅለሚያው ከውጭ ነው። ዛሬም ከገቢና ወጪ ጭነታችን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ ያልፋል። ታዲያ ከመንገዱ የራቀ ፋብሪካ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዕዳ ይዞ ነው የሚነሳው። ትስማማላችሁ? ካልተስማማችሁ በየከተማችሁ ያለውን ንገሩኝ።

ከዚህ ጥያቄ በኋላ የመጣው የውይይት ክር በጣም ስለረዘመ ምላሾቹን በቅደም ተከተል በራሴ ቃል አስቀምጫቸዋለሁ። ተደጋጋሚውንና ስድቡን ትቻለሁ።

1ኛው ምላሽ ድሬዳዋ ተወልዶ ካደገ ሰው ነው፣ በጣም ጨዋ ጽሑፍ። ሙሉ በሙሉ ይስማማል። የጨርቃ ጨርቁም የስሚንቶውም ፋብሪካ በጣሊያን ጊዜ እንደተተከሉ ያስታውሳል። እኔን የያዘኝ ግን ስለ ባቡሩ ጋራዥ የጻፈው ነው። ጋራዡ ሎኮሞቲቭ ከመጠገን አልፎ ትምህርት ቤት ነበር ይላል። ቶርኖ፣ ብየዳ፣ ቀረጻ፣ ሁሉም እዚያ ይለመድ ነበር። ከዚያ የወጡት ሰዎች ናቸው በኋላ በየፋብሪካውና በየመካኒክ ቤቱ የተበተኑት። አሮጌው ባቡር ሲቆም ከተማው መጓጓዣ ብቻ አይደለም ያጣው፤ እጅ የሚያሠለጥን ቦታም አጣ። ስለ ኢንዱስትሪ ታሪካችን ሲጻፍ ይሄ ነገር ሲነሳ እምብዛም አላይም። ሕንፃና ማሽን እንቆጥራለን፣ ሙያው ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ አንጠይቅም።

2ኛው አጭርና ቀጥተኛ ነው። ስሚንቶ ድሬዳዋ የተተከለው በባቡሩ ብቻ ሳይሆን በኖራ ድንጋዩ ነው ይላል። ድንጋዩ ከባድ ነው፣ ሩቅ ተጭኖ አያዋጣም። ምስክር አድርጎ የሚጠራው ሙገርን ነው። ሙገር ሃዲድ ደርሶት አያውቅም፤ ግን በደርግ ጊዜ በምሥራቅ ጀርመን እርዳታ ፋብሪካ ተተከለበት፣ በኋላም ዳንጎቴ እዚያው አካባቢ መጣ። መቀሌ መሰቦም እንደዚሁ። ልክ ነው። ስሚንቶ ድንጋዩን ይከተላል። ክርክሬ ከውጭ በሚመጣ ግብዓት ለሚኖሩት ፋብሪካዎች ነው።

3ኛው ምላሽ ከሁሉም ረጅሙ ነበር። የጻፈችው ወንጂ ካምፕ ውስጥ ያደገች ሴት ናት። ሸንኮራ አገዳ ከተቆረጠ በኋላ መቆየት አይችልም፣ በአንድ ሁለት ቀን ካልተጨመቀ ስኳሩ ይወርዳል፤ ስለዚህ ስኳር ፋብሪካ ማሳው መሐል ነው የሚቆመው ትላለች። ሆላንዶቹ፣ ኤች ቪ ኤ የሚባለው ኩባንያ፣ ኢንዶኔዥያ ነጻ ስትወጣ ሌላ ቦታ ሲፈልጉ የአዋሽን ውሃና የወንጂን ሜዳ አገኙ። በ1946 ዓ.ም. ስኳር መመረት ጀመረ። ሸዋ የሚባለው ሁለተኛው ፋብሪካ ተከተለ፣ ከዚያ መተሐራ።

እሷ ግን እዚያ ላይ አላቆመችም። ሜዳው የጅሌ ኦሮሞ የግጦሽ መሬት እንደነበረ፣ ከብቶቻቸውን ይዘው ገለል እንዲሉ እንደተደረገ ጽፋለች። አገዳ ቆራጮቹ ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ እንደመጡ። የጉድጓዱ ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት ስለነበር የካምፑ ልጆች ጥርስ እንደበለዘ፣ ለዓመታት የጠጡት ትልልቆቹ ደግሞ አጥንታቸው እየደረቀ ጎንበስ ማለት እንዳቃታቸው። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ፍሎራይድ እንዳለበት ዛሬ ሁሉም ያውቃል፣ ያኔ ግን ሠራተኛው እየጠጣ ነው ያወቀው። የስኳር ታሪካችን ሲነገር በሜትሪክ ቶን ብቻ ነው የሚነገረው። ይህቺ እህት ስለጻፈች ክሩን በመክፈቴ ደስ አለኝ።

4ኛው ላይ ድምፁ ተቀየረ። ለምንድነው ታሪካችን ሁሌ በፈረንሳይ፣ በጣሊያንና በሆላንድ የሚጀምረው ብሎ ተቆጣ። ጋፋትን ረሳችሁ ወይ? ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ መድፍ ያስቀለጡበትን ቦታ? ባቡር ሳይታሰብ ሴባስቶፖል ተሠርቶ መቅደላ ድረስ ተጎትቷል ይላል።

5ኛው ለ4ኛው መለሰ፣ እሱም ትንሽ ሻከር ብሎ። ጋፋት የሠሩት አውሮፓውያን ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች ናቸው፣ ንጉሡ ሲሞቱ ሥራውም አብሮ ሞተ፣ አንድ ትውልድ እንኳ አልተሻገረም። ስለዚህ የኢንዱስትሪ መጀመሪያ ማለት ይከብዳል ባይ ነው።

6ኛው ሁለቱንም አስታርቆ ወደ ሌላ ቁም ነገር ወሰደው። ሥራው ለምን አልተሻገረም ብላችሁ ጠይቁ አለ። ብረት የሚያቀልጠውን ቀጥቃጭ፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውን፣ ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ እያልን አግልለን ኖርን። ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከመከልከል ደርሰዋል፤ አዋጅ አስፈልጎት የነበረ ነገር ነው ማለት ነው። ለኔ ከ4 እስከ 6 ካሉት ክብደት ያለው ይሄኛው ነው። ቆዳና ጥጥ እንደልብ ባለበት አገር ቆዳ ፋቂውና ሸማኔው ከተናቁ፣ ከጎጆ ሙያ ወደ ፋብሪካ የሚወስደው ድልድይ ማን ላይ ይቆማል? ስለዚህ ፋብሪካው በጥቅል ከውጭ ገባ፣ ባለሙያው ሳይቀር።

7ኛው ባሕር ዳርን አመጣ። ሃዲድ አይቶ በማያውቅ ከተማ በ1953 ዓ.ም. ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተተከለ፤ ያንተ መስመር የት ገባ ይለኛል። ገንዘቡ የጣሊያን የጦር ካሳ ነው፣ ቆቃ ግድብ የተሠራበት ያው ካሳ። ከዚያ የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ መጣ፣ ሶቪየቶች የረዱት ፖሊ ቴክኒክም ተከፈተ። ሦስቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተከታትለው መጡ ይላል፦ ፋብሪካ፣ መብራትና ትምህርት ቤት። ይሄ ጥሩ ተቃውሞ ነው። የኔ መልስ ባሕር ዳርን መንገድ ሳይሆን መንግሥት ነው የመረጣት የሚል ነው። መንግሥት ሲፈልግ ከመስመሩ ውጭ መትከል ይችላል። ግን ኃይልና ሙያ አብሮ ካልሄደ ፋብሪካው ብቻውን አይቆምም፤ እዚያ አብረው ስለሄዱ ነው ከተማ የሆነው።

8ኛው አስመራን እንዴት ረሳችሁ አለ። ፌዴሬሽኑ በ1945 ሲጀመር አስመራ የጨርቃ ጨርቅ፣ የክብሪት፣ የቢራ ኢንዱስትሪ ይዛ ነው የመጣችው። 9ኛው ኢንዱስትሪዋ ሆን ተብሎ ተዳከመ አለ። 10ኛው አልተዳከመም፣ እንዲያውም በንጉሡ ጊዜ እንደ ባራቶሎ ያለ ትልቅ የጨርቅ ፋብሪካ ተከፍቶባታል ብሎ ተከራከረ። ከዚያ በኋላ ያለው ከፋብሪካ ወጥቶ ወደ ፖለቲካ ስለገባ አላመጣሁትም። ከዚያ ጭቅጭቅ መሐል ግን አንድ ዋና ነገር ወጥቷል፦ አሰብ። ሶቪየቶች የሠሩት የነዳጅ ማጣሪያ እዚያ ነበር። በ1985 አሰብ ወደ ኤርትራ ሲሄድ ማጣሪያውም ሄደ፣ ጥቂት ዓመት ሠርቶ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ የተጣራ ነዳጅ እየገዛን እንኖራለን።

11ኛው ምላሽ በደርግ ጊዜ በኢንዱስትሪ መሐንዲስነት ከሠሩ አዛውንት ነው። ልጆቼ ብለው ነው የጀመሩት። በጥር 1967 ዓ.ም. 72 ድርጅቶች ሙሉ በሙሉ እንደተወረሱ፣ በሌሎች 29 ደግሞ መንግሥት አብላጫውን ድርሻ እንደያዘ አስታውሰውናል። ከዚያ በኋላ ፋብሪካዎችን ወደየክፍለ ሀገሩ የመበተን ሐሳብ ነበር ይላሉ። ኮምቦልቻ፣ አዋሳ፣ አርባ ምንጭ በጨርቃ ጨርቅ፣ ናዝሬት በትራክተር መገጣጠሚያ፣ አሰላ በብቅል። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፣ የገደለን የውጭ ምንዛሬ ነው ባይ ናቸው። አንዲት ኩሺኔታ ስትበላሽ ማሽኑ ወራት ይቆማል። አቃቂ የመለዋወጫ ፋብሪካ የተሠራውም ለዚሁ መከራ መድኃኒት ይሆናል ተብሎ ነው።

12ኛው ጋሼ ብሎ በአክብሮት ጠየቃቸው፦ ኮምቦልቻ ለምን ተመረጠ? እሳቸው 13ኛው ላይ የሰጡት መልስ ይህን ክር ሁሉ የሚያካክስ ነው። ኮምቦልቻ የአሰብ መንገድ ላይ ናት። በዚያን ጊዜ የአገሪቱ ዋና ወደብ አሰብ እንጂ ጅቡቲ አልነበረም። መኪናው ከአሰብ ተነስቶ በባቲና በኮምቦልቻ አድርጎ ነበር አዲስ አበባ የሚገባው። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ ያ መንገድ ተዘጋ። ፋብሪካው ካለበት አልተነቃነቀም፣ ወደቡ ግን ሸሸው።

እኔ ስለ ባቡር ስጽፍ ስለ በር ነበር የማስበው፣ ጋሼ ደግሞ ከድርጊቱ ነገሩን። በሩ ሲቀየር የከተማ ዕድል ይቀየራል። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልዲያ ሐራ ገበያ ይገባል የተባለው ባቡር ቢጠናቀቅ ኖሮ ይሄን ይጠግን ነበር። አብዛኛው ተሠርቶ ሥራ ሳይጀምር በሰሜኑ ጦርነት ተጎዳ። እዚያ አካባቢ ላላችሁ፣ ይሄ ጉዳይ ሊነሳና ሊጮህበት የሚገባ ነው።

14ኛው ስለ ቆዳ ነው፣ ሞጆ የሠራ ባለሙያ ይመስላል። የባቲ ፍየልና የሰላሌ በግ ቆዳ በዓለም ገበያ በስሙ የሚታወቅ ነው ይላል፣ የደጋ በግ ቆዳ ለጓንት የሚፈለግ ነው። እንስሳው ከየአገሩ ይመጣል፣ ቆዳው ሞጆ ይሰበሰባል፤ ምክንያቱም ውሃ አለ፣ ኬሚካሉ ከወደብ በቅርብ ይደርሳል፣ የለፋውም በዚያው ይወጣል። ችግሩ ሁለት ነው አለ። አንደኛው እከክ ነው፤ በሽታው ቆዳውን ያበላሸዋል፣ ደረጃው ይወድቃል። ሁለተኛው በጥሬ ቆዳ፣ ቀጥሎም በከፊል በለፋው ላይ የተጣለው 150 በመቶ የወጪ ቀረጥ ነው። ዓላማው ጫማና ቦርሳ ሠርተን እንድንሸጥ ነበር። የአጨራረስ ኬሚካል የሚገዛበት ዶላር የሌለው ፋብሪካ ግን ጥሬውንም ሳይሸጥ፣ ያለቀውንም ሳይሠራ መሐል ላይ ቀረ።

15ኛው በቁጣ መጣ። ስለ ቀረጥ ስታወሩ ሞጆ ወንዝ ዳር የሚኖረውን ሰው አንድ ጊዜ አላነሳችሁም ይላል። ክሮሚየም ያለበት ፍሳሽ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ከብት ይጠጣል፣ አትክልት ይጠጣል። አቃቂ ወንዝም ያው ነው። ውሃ አለ ተብሎ ፋብሪካ ይተከላል፣ ከዚያ ውሃው ይበላሻል። 14ኛው ማጣሪያ ያላቸው አሉ ብሎ ሊከላከል ሞከረ። 15ኛው ማጣሪያ መኖርና ማጣሪያውን በየቀኑ ማሠራት ይለያያል ብሎ መለሰለት። እኔ ከ15ኛው ጋር ነኝ። ፋብሪካ የት ይቁም የሚለው ጥያቄ ፍሳሹ ወዴት ይሂድ ከሚለው ተለይቶ መጠየቅ የለበትም።

16ኛው ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከሠራች ወጣት ነው። ከገጠር መጥታ ልብስ ስፌት መስመር ላይ ገባች። በየሰዓቱ የሚቆጠር ቁራጭ አለ። ደመወዙ የቤት ኪራይ ሲወጣለት የሚተርፈው ትንሽ ነበር፤ አንድ ክፍል ለአራት ነው የሚከራዩት። ግን የመጀመሪያ ደመወዟን ተቀብላ ለእናቷ የላከችበትን ቀን ትወደዋለች። ከዚያ ሥራው ቀዘቀዘ፣ ቅነሳ መጣ፣ ወጣች። ስፌት ታውቃለች፣ ማሽን የላትም።

ለማያውቅ ነገሩን ላስረዳ። ፓርኩ በሐምሌ 2008 ሲመረቅ ብዙ ተስፋ ነበር፤ 52 ሼድ፣ ትልልቅ የውጭ ገዢዎች፣ ዋናው ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ የልብስ ኩባንያ። በ2011 የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የሠራተኛውን መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ ነው ያለው። በግል ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለንም፤ በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ጽፎ ነበር። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በኅዳር 2014 ፒቪኤች እንደሚወጣ አሳወቀ፣ በታኅሣሥ 2014 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ለአፍሪካ አገሮች ከምትሰጠው የቀረጥ ነጻ ገበያ፣ አስወጣች። ጨርቁ ከውጭ ይመጣ ነበር፣ ገዢው ውጭ ነበር፣ የቀረጥ ነጻ ዕድሉም ከውጭ የተሰጠ ነበር። የኛ የነበረው የእነዚህ ልጆች እጅ ነው።

17ኛው ስለ ደመወዝ ማማረር ባለሀብት ያባርራል፣ ቻይናም ባንግላዴሽም እንዲህ ነው የጀመሩት አለ። 18ኛው አንተ በዚያ ደመወዝ ሐዋሳ አንድ ወር ኑርና ተመልሰህ ጻፍ ብሎ ነው የመለሰለት። 19ኛው መሐል ገብቶ ተረጋጉ አለ። ባንግላዴሽ ጨርቁን ራሷ ወደ መሥራት ገብታለች፣ እኛ ግን ከመተማና ከአዋሽ ጥጥ እያለን ሐዋሳ ላይ የውጭ ጨርቅ ነው የምንሰፋው ብሎ ነገሩን ወደ ቁም ነገሩ መለሰው። የ17ኛው ሐሳብ ሠራተኛዋን ከስሌቱ ያወጣታል። የሠለጠነች ሴት ከመስመሩ ስትወጣ አብሮ የሚወጣ ነገር አለ። 1ኛው ምላሽ ስለ ድሬዳዋ ጋራዥ ያለው እኮ ይሄው ነው።

20ኛው ላይ አንድ ሰው ቢራን አንስቶ ክሩ ለጥቂት ጊዜ ከመንገድ ወጣ። ጊዮርጊስ በ1915 ተመሥርቶ እስከ ዛሬ አለ፣ ከሐረር፣ ከሜታ፣ ከዳሸን የቱ ይሻላል ተብሎ ተወራ። ከዚያ መሐል 24ኛው ጠቃሚ ነገር አመጣ፤ ከአርሲ ነው። የአሰላ ብቅል ፋብሪካ የገብሱ ማሳ አጠገብ ነው፣ ለረጅም ዘመን ግን ለቢራ ፋብሪካዎቹ አልበቃም፣ ብቅል ከውጭ ይገባ ነበር። አሁን የብቅል ፋብሪካዎች ሲጨመሩ የገብስ ገበሬው በኮንትራት ማምረት ጀምሯል። ግብዓቱ አገር ውስጥ ሲሆን ፋብሪካው ከወደቡ መንገድ መላቀቅ እንደሚችል የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ ነው። ለኔ ከቢራው ጣዕም ይሄ ይበልጣል።

25ኛው ስኳርን መልሶ አነሳ፣ ኮስተር ብሎ። በዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅዱ አሥር ስኳር ፋብሪካ ይተከላል ተባለ፣ ከሥራው ብዙው ሜቴክ ለተባለው የመንግሥት የብረታ ብረት ኮርፖሬሽን ተሰጠ፣ ዓመታት አለፉ፣ ገንዘቡ አለቀ፣ ዛሬም ስኳር ከውጭ እንገዛለን። ኩራዝ፣ በለስ፣ ተንዳሆ፣ ሁሉም ከማሳው ጋር ነበሩ፣ ቦታቸው ትክክል ነበር። ያጠፋቸው ቦታው አይደለም ባይ ነው። 3ኛዋ ተመልሳ መጥታ አንድ ነገር ጨመረች፦ ወንጂ ላይ አገዳ ነበር፣ ውሃ ነበር፣ አስተዳደርም ነበር፤ ሰው ግን አልተጠየቀም። አዲሶቹ ላይ ደግሞ መሬቱ ሲወሰድ ሰው አልተጠየቀም፣ አስተዳደሩም አልነበረም። ኦሞ ሸለቆ ያሉትን አርብቶ አደሮች ማለቷ ነው።

26ኛው አዲሱ ባቡር ከተመረቀ በኋላስ ብሎ ጠየቀ። መስመሩ በመስከረም 2009 ተመርቋል፣ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በኤሌክትሪክ ይሠራል። ጣቢያዎቹ ግን እንደ ድሮው ከከተማ መሐል አይደሉም፣ የድሬዳዋው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። በድሮው ጊዜ በለገሃር ዙሪያ ገበያ፣ ጋራዥና ሆቴል አብረው አድገዋል። አሁን ጭነቱ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይራገፋል፣ ከዚያ በመኪና ይሄዳል። ስለዚህ በመሐል ያሉት ከተሞች ባቡሩ ሲያልፍ ብቻ ነው የሚያዩት ይላል። የዱከምና የአዳማ ሰዎች ለኛ ግን ጠቅሞናል፣ ኮንቴይነሩ ቶሎ ይደርሳል ብለው መለሱለት። ሁለቱም ያዩትን ነው የጻፉት።

27ኛው ከመቀሌ ነው፣ አራት መስመር ብቻ። ዓድዋ ያለው የአልመዳ ጨርቃ ጨርቅ በጦርነቱ ከተዘረፈና ከወደመ በኋላ ሠራተኞቹ የት እንደደረሱ የጠየቀ ሰው አለ ወይ ብሎ ነበር። እስካሁን የመለሰለት የለም። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ እዚሁ ጻፉ። አርባ ምንጭ ፈትል ፋብሪካ ስለሠራ አባቱ እጽፋለሁ ብሎ ቃል የገባውም ወንድማችን እየጠበቅነው ነው፤ በተለይ ጥጡ ከየት እንደሚመጣ፣ የተፈተለው ክር ደግሞ ለማን እንደሚሸጥ ይንገረን።